ቤቱን ልንሸጥ ነው፤ ኩሽናውን እናፍርሰው ወይስ ቀለም ቀብተን እንለፈው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከእናቴ ጋር የምንኖርበትን ቤት ለመሸጥ ወስነናል። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል፣ እናቴ ደረጃ መውጣት ከብዷታል፤ ደረጃ የሌለው አነስ ያለ ቤት እንፈልጋለን። ለገዢ ማሳየት የምንጀምረው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ሁሉም የመሰለውን ይናገራል። ታላቅ ወንድሜ «ቤት የሚያሸጠው ኩሽና ነው፤ የድሮውን አፍርሳችሁ አዲስ አስገቡ» ይላል። እሱን ካደረግን ለሌላው ምንም አይተርፈንም። ደላላው ደግሞ «ምን አደከማችሁ? ዙሪያውን ነጭ ቀቡት፣ ቁምሳጥኑን ከእድፉ ፊት እንዳትነቀንቁት» አለን። እድፉ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለ ነው። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ጠቁሯል፤ ብርድ ሲሆን ይብስበታል፣ ይሸታልም። ባለቤቴ ግን «እኔ ምንም አይሸተኝም» ይላል። ሳሎኑ በዕቃ ተጨናንቋል፤ ግማሹ የእናቴ ነው። የአባቴን ፎቶዎች ከግድግዳው እናውርድ ብላት አኮረፈችኝ። ከየት ልጀምር? ገንዘቡን ምን ላይ ላውጣው? ምኑንስ ልተወው?

ግራ የገባት ልጅ

መልስ

ውድ እህታችን፣

ወንድምዎም ደላላውም ስለ ቤቱ አስበዋል፤ ስለሚገዛው ሰው ግን አንዳቸውም አላሰቡም። ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው በአንድ ልቡ «እዚህ ብንኖርስ?» እያለ ይመኛል፣ በሌላው «ምን ደብቀውኝ ይሆን?» እያለ ይፈራል። በሕይወቱ ትልቁን ገንዘብ ሊያወጣ ነውና ፍርሃቱ ይበረታል። ብዙ ሻጮች ምኞቱን ለመቀስቀስ ገንዘባቸውን ያፈሳሉ፤ ፍርሃቱን የሚያባብሱትን ትንንሽ ነገሮች ግን እንዳሉ ይተዋሉ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ለእርስዎ በአንዲት ጎማ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ገዢው ግን «ይቺን እንኳ ያላሠሩ ሰዎች ጣሪያውን መቼ አይተውት ያውቃሉ?» ብሎ ይደመድማል። እንግዲህ ምክሬን ከወዲሁ ልንገርዎ፦ ኩሽናውን አያፍርሱ፣ እድፉንም አይደብቁ። ያለዎትን ጊዜና ገንዘብ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረውን ለማጥፋት ያውሉት፤ የተረፈው ለማስዋብ ይሆናል።

ከእድፉ እንጀምር፣ ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሚፈልገው እሱ ስለሆነ። የደላላው ሐሳብ አያዋጣም። ገዢ ቁምሳጥን ይከፍታል፣ ያሸታል፣ አንዳንዱም ባለሙያ አስከትሎ ይመጣል። ሳያዩት ቢያልፉ እንኳ ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ በብዙ አገሮች ሕግ ሻጭ እያወቀ የደበቀው ጉድለት ከሽያጩ በኋላም ያስጠይቀዋል። ያኔ ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ሄዷል፤ የሚጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ቁምሳጥኑን ያንሱትና ግድግዳውን በቀን ብርሃን ይመልከቱት። እድፉ ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ፣ ቁምሳጥኑ ከሸፈነው ቦታ ወይም ከማእዘኑ ብዙም ካልራቀ፣ ግድግዳውም የውጭ ግድግዳ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የአየር እጦት ነው። ስንተነፍስ፣ ስንታጠብ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ስናሰጣ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ቁምሳጥኑ ስለተለጠፈበት አይደርቅም፣ ሻጋታ ያበቅላል። ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ የወጣ፣ አንድ ሜትር አካባቢ ሲደርስ የሚቆም፣ ጠርዙ ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት የሚታይበት ከሆነ ግን እርጥበቱ ከመሬት እየተሳበ ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም ከግድግዳው ማዶ መታጠቢያ ቤት ካለ፣ የሚያፈስ ቦታ ይፈለግ። እርስዎ «ብርድ ሲሆን ይብስበታል» ስላሉኝ እኔ የመጀመሪያውን እጠረጥራለሁ፤ ቢሆንም በግምት አይሥሩ። ግድግዳውን ወልውለው አድርቁና አንድ ክንድ የሚያህል ግልጽ ፕላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉበት። ከሁለት ቀን በኋላ ጠብታው በፕላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከታየ እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው። ጠብታው በክፍሉ በኩል ከሆነ የሚመጣው ከአየሩ ነው።

ከአየሩ ከሆነ በትንሽ ወጪ ያልቃል። መስኮት ከፍተው፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው በሳሙናና በውሃ ይጠቡት፣ ጨርቁን ይጣሉት፣ ግድግዳውን በደንብ ያድርቁት። በረኪና የሚጠቀሙ ከሆነ ከአቼቶ ጋር ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በጭራሽ አይቀላቅሉት፤ ሳንባን የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ጽዳት ላይ ቸኩሎ ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ የሚገለብጥ ሰው በየቤቱ ስለማይጠፋ ነው ይህን የምደግመው። ከዚያ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ቢያንስ 5፣ ከተቻለም 10 ሴንቲሜትር አርቀው ይመልሱት፤ ጠዋትና ማታ ተቃራኒ መስኮቶችን ከፍተው አየሩ በአንዴ እንዲገላበጥ ያድርጉ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ቢገዙ የቤቱን ሁኔታ በቁጥር ያዩታል፤ ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይመቸዋል፣ ከ30 እስከ 50 ባለው መካከል ቢውል መልካም ነው።

ከመሬት ወይም ከሚያፈስ ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ባለሙያ ይጠሩ። ወንድምዎ ለኩሽና ያሰቡት ገንዘብ ዋናው ቦታው ይህ ነው። በስድስት ሳምንት የማያልቅ ሥራ ሆኖ ከተገኘም ተስፋ አይቁረጡ፦ ምክንያቱንና የጥገናውን ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉና ለገዢው ያሳዩት። ዋጋው የታወቀ ጉድለት ድርድር ውስጥ ይገባል፤ ያልታወቀ ጉድለት ግን ሰውን ከበር ይመልሳል። የተጠገነ ከሆነ ደረሰኙንና ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎችን አንድ ላይ ያስቀምጡ። ለሚጠይቅ ሰው ያንን ማሳየት ከማንኛውም ጌጥ የበለጠ ያሳምናል። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀለም እንዳይነካው፤ ሲደርቅም እድፍ የሚያግድ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ የሥር ቅብ) ሳይቀባ ተራ የውሃ ቀለም ቢደረብበት ቡናማው ጥላ በሳምንታት ውስጥ ፊቱን ያወጣል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። «አይሸተኝም» ማለታቸው እውነታቸውን ነው፤ አፍንጫ አንድን ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ ይለምድና መቁጠሩን ያቆማል። እርስዎ የሰሙት ምናልባት ከውጭ ገብተው ስለሆነ ነው። ፊት ለፊት የሚናገር፣ ቤታችሁ የማይመላለስ አንድ ወዳጅ ይጋብዙና ከመቀመጡ በፊት፣ በሩ ላይ እንደቆመ «ምን ይሸታል?» ብለው ይጠይቁት። የሚሰጠው መልስ ደስ ላይል ይችላል፤ ገዢ ከሚሰጠው ግን ይሻላል።

ሽታን በሽቶ መሸፈን አይሞከርም። በር ሲከፈት የሚረጭ መዓዛ ፊት ላይ ሲመጣ የመጀመሪያው ሐሳብ «ከዚህ ሥር ምን አለ?» ነው። ሽታ የሚኖረው ጨርቅ ውስጥ ስለሆነ መጋረጃ፣ የሶፋ ልብስ፣ ምንጣፍና ትራስ ይታጠቡ፤ የማይታጠበው ፀሐይ ይሙቅ። ከምድጃው በላይ የጭስ መምጠጫ ካለ የብረት ማጣሪያውን አውጥተው በሙቅ ውሃና በዕቃ ሳሙና ይዘፍዝፉት፤ ብዙ ቤት ውስጥ ከተገጠመ ወዲህ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ያልተከፈተ ሻወር ወይም የእጅ መታጠቢያ ካለ ደግሞ አንድ ሊትር ውሃ ያፍስሱበት። ከሥሩ ያለው የተጠማዘዘ ቧንቧ ውሃ ቋጥሮ የፍሳሽን ሽታ ይከለክላል፤ ሳይሠራበት ሲቆይ ውሃው ይተንና ሽታው ሽቅብ ይወጣል። ሰው «የፍሳሹ መስመር ተበላሽቷል» ብሎ ወለል ሊያስቆፍር የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አሁን ስለ ኩሽናው። ታላቅ ወንድምዎ ገዢ ኩሽና እንደሚያይ አልተሳሳቱም። ስሌታቸው ላይ ግን አልስማማም። አዲስ ኩሽና ሲያስገቡ ሙሉ ዋጋውን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፣ የሚመርጡትም በእርስዎ ዓይን ነው። ገዢው ቀለሙን ካልወደደው ያወጡትን ገንዘብ በዋጋው ላይ አያስበልዎትም፤ እንዲያውም «ይህን አፍርሼ እንደገና ላሠራ ነው» ብሎ ይቀንሳል። በዚያ ላይ አናጢው፣ የቧንቧ ሠራተኛውና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በስድስት ሳምንት ውስጥ ተራቸውን ጠብቀው ይጨርሳሉ ማለት ዘበት ነው። ግማሹ የፈረሰ ኩሽና ከአሮጌ ኩሽና በእጅጉ ይከፋል።

አሮጌው ኩሽና ጤነኛ መሆኑን ማሳየት ግን ይቻላል። የሲንኩን ሥር ይክፈቱ፤ ገዢም እዚያ ነው የሚያጎነብሰው። የበሰበሰ ጣውላ ካለ ያስቀይሩት፣ የሚያፈስ መጋጠሚያ ካለ ያስጠብቁት። የካቢኔቱ በሮች ከመስመር የወጡ ከሆነ መፍረስ አያስፈልጋቸውም፤ በውስጥ በኩል ያለው ማጠፊያ ብሎኖች አሉት፣ በካቻቪቴ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ በሩን ወደ ጎንና ወደ ላይ ማስተካከል ይቻላል። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ኩሽናው ግን ሌላ ይመስላል። እጀታዎቹ ያረጁ ከሆነ ይቀይሯቸው፤ ከመግዛትዎ በፊት በሁለቱ ብሎኖች መካከል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለኩ። ብዙውን ጊዜ 96 ወይም 128 ነው፤ ካልገጠመ አዲስ ቀዳዳ መብሳትና የድሮውን መድፈን ይመጣል። የበሮቹ ፊት ደብዝዞ ከሆነ መቀባት ይቻላል፣ ግን ቅባቱ ሙልጭ ብሎ ሳይወጣና ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ሳይሻክር የተቀባ ቀለም ገዢው ፊት ይላጣል። እጅዎ ለዚህ ካልለመደ አይንኩት፤ ንጹሕ አሮጌ በር መጥፎ ከተቀባ በር ይመረጣል። ከዚያ የምድጃው ዙሪያ ባዶ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ሁሉ ገዢው ዓይን ውስጥ «ማስቀመጫ የለውም» ተብሎ ይነበባል።

መታጠቢያ ቤቱ ላይ ብዙ አልቆይም። በሻወሩ ዙሪያ የጠቆረ ሲሊኮን ካለ ማሸት አያነጣውም፤ ሻጋታው ውስጡ ገብቷል። በምላጭ ቆርጠው አውጥተው፣ አድርቀው አዲስ ያስገቡና አንድ ሙሉ ቀን ውሃ እንዳይነካው ያድርጉ። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ፉጋ በብሩሽ ይታጠብ። ቧንቧ ላይ የተጋገረው ነጭ የውሃ ጠጠር በአቼቶ ይለቃል፤ እምነ በረድ ካለ ግን አቼቶ እንዳይነካው፣ ድንጋዩን ይበላዋል። ፎጣዎቹ ይቀየሩ፣ የጥርስ ብሩሾቹ ከፊት ይነሱ። ይበቃል።

ቀለምን በተመለከተ ደላላው ግማሽ እውነት ተናግሯል። ብሩህ ቀለም ክፍሉን ያሰፋል፤ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላዩን ሲመልስ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ ግድግዳ አብዛኛውን ይውጠዋል። ቢሆንም ድርቅ ያለ ነጭ፣ በተለይ ፀሐይ በማይገባበት ክፍል፣ ወደ ግራጫ ያደላና ይቀዘቅዛል። ወደ ክሬም የሚያዘነብል ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ የአሸዋ ቀለም ብዙ ሰው አይጠላም። ከመወሰንዎ በፊት አንድ ትልቅ ካርቶን ቀብተው በየግድግዳው እያስጠጉ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ በአምፖል ይዩት፤ በሱቅ ብርሃን የተመረጠ ቀለም ቤት ሲደርስ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የግድግዳው ፊት ጎርባጣ ከሆነ የማያብረቀርቅ ቀለም ይውሰዱ፤ የሚያብለጨልጭ ቀለም እያንዳንዱን ጉድፍ ያጋልጣል። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ግን መወልወል ስላለባቸው ለስለስ ያለ አንጸባራቂ ይሻላቸዋል።

ቀቢው «ይህን ያህል ጣሳ» ሲልዎት እንዲሁ አይቀበሉ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2.7 ሜትር ቢሆን 38 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ አለው። በርና መስኮት 5 ካሬ ሜትር ቢወስዱ 33 ይቀራል። አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት ዙር 7 ሊትር ይበቃል። ኮርኒሱ መጀመሪያ፣ ግድግዳው ቀጥሎ፣ በርና መስኮቱ መጨረሻ ይቀባ። ቤቱ የብዙ አሥርት ዓመታት ዕድሜ ካለው ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የድሮ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ይችላል፤ በደረቁ ፍቀው ብናኙን ቤት ውስጥ አያስነሱ፣ ይልቁንም እያረጠቡ ይፋቁ። ሁሉም ቅብ ከመጀመሪያው ገዢ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይለቅ። ትኩስ የቀለም ሽታ «ይህ ግድግዳ ምን ነበረበት?» ያሰኛል።

ብርሃን ላይ ለሚወጣ ገንዘብ አልሳሳም፤ ከርካሹ ሥራ ሁሉ ውጤቱ የሚታየው እሱ ነውና። መጀመሪያ መስኮቶቹን ከውስጥም ከውጭም ይጠቡ፤ መጋረጃው መስታወቱን እንዳይሸፍን ዘንጉን ከመስኮቱ ጎን ለጎን አስረዝመው ይስቀሉት። ከዚያ አምፖሎቹን ይዩ። በብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ የሚመስል ነጭ፣ አንዱ የተቃጠለ ሆኖ ይገኛል። የአምፖሉ ካርቶን ላይ በኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ፦ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ከ2700 እስከ 3000 ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን፣ ለኩሽና እስከ 4000 የሚደርሰው ይስማማል፤ 6500 ቤቱን መጋዘን ያስመስለዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ዋት ጉልበቱን እንጂ ብርሃኑን አይነግርዎትም፤ ሉመኑን ያንብቡ። 800 ሉመን የሚሰጥ ኤልኢዲ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል ይተካል፣ የሚወስደው ግን 9 ዋት ገደማ ነው። መስታወት ካለዎት ከመስኮቱ ትይዩ ወይም ጎን ይስቀሉት፤ የሚያሳየው ነገር ግን የሚታይ መሆኑን ያረጋግጡ፣ የታጠበ ልብስ ክምር በሁለት እጥፍ ማሳየት ትርፍ የለውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕቃ ማንሳት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም ይኸው ነው፣ ገንዘብ ስለማይፈታው። ቤትን ለሽያጭ አሰናድቶ ማሳየት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ባርብ ሽዋርዝ የተባሉ ባለሙያ «ሆም ስቴጂንግ» ብለው ካስፋፉት ወዲህ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ባለሙያዎቹ ወደ አንድ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ከማምጣት ይልቅ ማውጣት ነው። ገዢ የሚከፍለው ለወለሉ ነው፣ ወለሉን ማየት አለበት። ሰው የሚያልፍባቸው መንገዶች ወደ 90 ሴንቲሜትር ስፋት ይኑራቸው፤ በሶፋውና በመሃል ጠረጴዛው መካከል 40 ወይም 45 ይበቃል። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተጋፍቶ የሚያልፍበት ቦታ ካለ አንድ ዕቃ ይውጣ። የሶፋዎቹን ጀርባ ሁሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ክፍሉን ያሰፋል ብለን እናምናለን፤ ቦታ ካለ ጥቂት ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ግን የተሻለ ቅርጽ ይሰጠዋል። ቁምሳጥኖች ሲከፈቱ ሲሶው ባዶ ሆኖ ይታይ። የልጆቹ ክፍል የዕቃ ማከማቻ ሆኖ ከሆነ አልጋ ተመልሶ ይግባበት፤ ሰው ባዶ ወይም የተዝረከረከ ክፍል አይቶ «አልጋ ይገባበታል?» የሚለውን መገመት ይቸግረዋል። ዕቃውን ግን ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ምድር ቤት አያዙሩት፤ እሱንም ያዩታል። ዘመድ ቤት ወይም የኪራይ ማከማቻ ይፈልጉ።

እናትዎን በተመለከተ ጥፋቱ በአነጋገሩ ላይ ይመስለኛል። «የአባቴን ፎቶ እናውርድ» የሚለውን እሳቸው የሰሙት «አባትሽ ከዚህ ቤት ይውጣ» ተብሎ ነው። ለባለቤታቸው ማዘናቸው ነው፤ ስለ ገዢ ሥነ ልቦና ቢያስረዷቸው አይገባቸውም ማለቴ ሳይሆን አይጽናኑበትም። ስለዚህ ከሚሸጠው ቤት ይልቅ ስለሚገባበት ቤት ይንገሯቸው። «እማዬ፣ ለአዲሱ ቤት መጀመሪያ የምንጠቀልለው የአባዬን ፎቶዎች ነው፤ እንዳይሰበሩ አንቺው ጠቅልያቸው» ቢሏቸው ሥራው የእሳቸው ይሆናል። በአዲሱ ቤት የሚሰቀሉበትን ግድግዳም አሁኑኑ ይምረጡ። አንድ ሁለቱ በእሳቸው መኝታ ክፍል ይቆዩ፤ የአንድ አረጋዊት ክፍል ውስጥ የባለቤታቸውን ፎቶ አይቶ ቤት የሚተው ገዢ የለም። ሳሎን ውስጥ በርካታ ፎቶዎች ሲደረደሩ ግን ሰው ክፍሉን ማየት ትቶ ቤተሰቡን ማየት ይጀምራል፣ «ይህ ማን ነው?» እያለ ሰዓቱን ይጨርሳል። የተቀረው የእናትዎ ዕቃ ደግሞ ሳይጠየቁ አይነካ። እሳቸው ገበያ ሄደው ሲመለሱ ባዶ ግድግዳ እንዲያገኙ ካደረጉ ኩርፊያው ቤቱ ከተሸጠ በኋላም ይቀጥላል።

አብዛኛው ገዢ ቤቱን መጀመሪያ የሚያየው በስልኩ ነው። ስለዚህ ፎቶው የሚነሳው ሁሉም ሥራ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ደላላው «አሁኑኑ ላኩልኝ» ቢልዎት ያስጠብቁት። ስልኩን በአግድም ይያዙ፣ ከማእዘን ሆነው፣ በደረት ቁመት ያንሱ፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካዘነበሉት ግድግዳው ይጋደማል። ሰፊውን ሌንስ እየተጠቀሙ ክፍሉን አዳራሽ ማስመሰል ለጊዜው ሰው ይጠራል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን የተታለለ ሰው ሆኖ ይገባል። በኮምፒውተር ሶፋ የተጨመረበት ፎቶ ከሆነም ከሥሩ ይጻፍ። እድፍ ወይም ስንጥቅ የሚያጠፋ ማስተካከያ ግን አይደረግ። ፎቶዎቹ ላይ የቤት ቁልፍ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ መድኃኒት ወይም የልጆች ምስል እንዳይገባ ደጋግመው ይዩ፤ ቁልፍ በፎቶ ብቻ አይተው የሚያስቀርጹ ሰዎች አሉ።

ገዢ በሚመጣበት ቀን መስኮቶቹ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይከፈቱ፣ መብራቶቹ በቀንም ቢሆን ይብሩ፣ ቆሻሻው ይውጣ፣ ጌጣጌጥና ሰነድ ተቆልፎ ይቀመጥ። እርስዎም ባለቤትዎም፣ ከተቻለ እናትዎም፣ ወጣ በሉ። ሻጭ አጠገቡ ቆሞ ሰው ቁምሳጥን ለመክፈት ያፍራል፣ ስለማይወደው ነገር ከሚስቱ ጋር መነጋገር አይችልም፣ ቶሎ ብሎ ይወጣል። እናትዎ መውጣት ከከበዳቸው በክፍላቸው ይቀመጡ፤ ደላላው አንኳኩቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ በመጨረሻ ያስገባቸው።

ከእያንዳንዱ ገዢ በኋላ ደላላውን «ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ሰው ስለ ምንጣፉ ቀለም ቢያማርር ይተዉት፤ ሦስት ሰው ተራ በተራ ስለ አንድ ነገር ካነሳ እሱን ያሠሩት። ብዙ ሰው እየመጣ፣ ቤቱን እያመሰገነ ዋጋ የሚያቀርብ ከጠፋ ግን ጉዳዩ ከቤቱ ውስጥ ወጥቷል። ያኔ አዲስ መጋረጃ ከመግዛት በፊት ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው የጠየቃችሁትን ዋጋ እንደገና ይዩት።